ለመጣል የተሠሩ ወረቀቶች

የፊልም ቅርስ ሰብሳቢዎች በተገናኙ ቁጥር ጨዋታቸው ዞሮ ዞሮ ወደ ተዋንያን ያመራል። ያንን ካባ የለበሰው ማን ነበር፣ ያ ሽጉጥ በየትኛው ትዕይንት ታየ፣ ፊርማው የተዋናዩ ነው ወይስ የቢሮ ጸሐፊው ይባባላሉ። እኔ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አድማጭ ነኝ። የምሰበስበው ከካሜራው ፊት የቆሙትን ሰዎች ቅርስ ሳይሆን፣ ቀረጻው ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት በሥዕል ጠረጴዛ ላይ አጎንብሰው መርከቡን፣ ከተማውን፣ የጠፈር ልብሱንና ጭራቁን በእርሳስ የወለዱትን የዲዛይነሮች ቅርስ ነው። በዘመናቸው ስማቸውን የሚያውቅ ተመልካች ጥቂት ነበር፤ የሠሩትን ነገር ግን ዛሬ ሕፃን እንኳ አይቶ ይለየዋል።

ከሌላው የፊልም ዓይነት ይልቅ ሳይንሳዊ ልብ ወለድን ለምን መረጥህ ለሚሉኝ ምክንያቴ ግልጽ ነው። የዘመኑን ኑሮ የሚያሳይ ፊልም የሚያሰናዳ ዲዛይነር ወንበር ቢያስፈልገው ይገዛል ወይም ይከራያል። በሩቅ ጠፈር የሚጓዝ መርከብ የሚያሰናዳው ግን የበሩን እጀታ እንኳ ከባዶ መፍጠር አለበት፤ በሩ ወደ ጎን ይንሸራተት ወይስ ወደ ላይ ይነሣ፣ እጀታው ለባዶ እጅ ይመች ወይስ ለጓንት ብሎ አንድ በአንድ መወሰን ይኖርበታል። ፊልሙ የሚያሳየን የውሳኔውን ውጤት ብቻ ነው። ወረቀቱ ግን ሐሳቡ ሲወጠን፣ ሲሰረዝና ሲታረም ያሳያል፤ ከዚያም አልፎ ውሳኔው የማን እንደነበረ ይመሰክራል። በእኔ ዕይታ የዚህ ሁሉ ስብስብ ክብደት ያለው በዚህ ምስክርነት ላይ ነው፤ ውበቱ ተጨማሪ ጸጋ ነው።

የሚሰበሰበው ነገር ዓይነቱ ብዙ ነው። በአንዱ ጫፍ በፊልሙ ዝግጅት ወቅት በዲዛይነሩ እጅ የተሣሉት ረቂቆችና ቀለም የተቀቡ ሥዕሎች አሉ፤ በሌላው ጫፍ ፊልሙ ከወጣ በኋላ ለሕዝብ የታተሙ የሥዕል ስብስቦች፣ የተፈረሙ ኅትመቶች፣ የኤግዚቢሽን ፖስተሮችና ካታሎጎች ይገኛሉ። በመካከል አናጺዎች መድረኩን የሠሩባቸው የግንባታ ንድፎች፣ የስቶሪቦርድ፣ ማለትም ትዕይንቶቹ በተከታታይ ሥዕሎች የታቀዱባቸው ወረቀቶች፣ ቅጂዎች፣ በዲዛይነሮችና በስቱዲዮዎች መካከል የተመላለሱ ደብዳቤዎች፣ ለሠራተኞች ብቻ የተሰጡ ጃኬቶችና መታወቂያዎች አሉ። እኔ በገንዘብ አቅሜ የምገኘው በታችኛውና በመካከለኛው እርከን ላይ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ መካከለኛውን ከላይኛው ይልቅ እወደዋለሁ። በዘይት የቆሸሸና በቡና የተበከለ የግንባታ ንድፍ ሰዎች የሠሩበት ወረቀት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ጉዳይ የሚነጋገር ሰው ከራልፍ ማክዌሪ ሳይጀምር አይሆንለትም። ማክዌሪ ወደ ፊልም ከመምጣቱ በፊት በቦይንግ ኩባንያ የቴክኒክ ሠዓሊ ነበር፤ የአፖሎ በረራዎች በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲዘገቡ ደግሞ የጉዞውን ሂደት የሚያስረዱ ምስሎችን ሠርቷል። በ1975 ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሉካስ ገና በወረቀት ላይ ለነበረው «ስታር ዋርስ» ሥዕሎች እንዲሠራለት ቀጠረው። ምክንያቱ ተግባራዊ ነበር፤ የስቱዲዮ ኃላፊዎች በጽሑፍ ያልታያቸውን ነገር በሥዕል እንዲያዩት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ እነዚያ ሥዕሎች በመጀመሪያ የታለሙት ለሙዚየም ሳይሆን ገንዘብ ያዦችን ለማሳመን ነው። ይህን ማወቅ ሥዕሎቹን የማይበትን መንገድ ቀይሮታል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ለማብራራት የሚደክም፣ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት መልስ የሚሰጥ ሆኖ ይታየኛል።

የፊልሙ ዋና ክፉ ገጸ ባሕርይ የሆነው የዳርዝ ቬደር ጭምብል ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በወቅቱ በነበረው የታሪኩ ረቂቅ መሠረት ቬደር ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው በባዶው ጠፈር ይሻገራል። ሉካስ ጥቁር የሚውለበለብ ካባ የለበሰና የጃፓን ሳሙራይ ቁር የሚመስል ነገር የደፋ ሰው እንደሚፈልግ ተናግሮ ነበር። ማክዌሪ ግን አየር በሌለበት እንዴት ይተነፍሳል ብሎ ጠየቀ፤ መልሱም የመተንፈሻ ጭምብል ሆነ። በመጨረሻው ፊልም ያ በጠፈር የመሻገር ትዕይንት የለም፤ ጭምብሉ ግን ቀረ፤ የመተንፈሻው ድምፅ ከገጸ ባሕርዩ የማይነጠል ሆነ፤ በኋላ የመጡት ታሪኮችም ሰውየው ያለ ጭምብሉ መኖር የማይችልበትን ምክንያት ፈጠሩለት። አንድ የቴክኒክ ሠዓሊ ከልማዱ የተነሣ ያነሣው የባለሙያ ጥያቄ የአንድን ታላቅ ተረት አቅጣጫ ወሰነ ማለት ነው። ተዋናይን ብቻ የሚሰበስብ ሰው ይህን ታሪክ የትም አያገኘውም።

የማክዌሪን ዋና ሥዕሎች መግዛት ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የማይታሰብ ነው፤ ስመ ጥሮቹ በሉካስ ኩባንያ መዝገብ ተጠብቀዋልና። ነገር ግን በ1977 ባለንታይን የተባለው አሳታሚ 21 ሥዕሎችን በትልልቅ ነጠላ ወረቀቶች አትሞ በማኅደር አውጥቶ ነበር፤ ይህ ማኅደር ዛሬም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ይገኛል። ብዙዎቹ ቅጂዎች ሥዕላቸው ጎድሎ ይመጣል፤ የያኔዎቹ ገዢዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ስለነበሩ የወደዱትን እያወጡ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። የእኔም ቅጂ የአንዳንዱ ሥዕል ማዕዘን በስፒል ተበስቷል። ሻጮች ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን ሙሉውንና ያልተነካውን ከማየት ይልቅ የተበሳውን ማየት ይሻለኛል፣ ምክንያቱም የታተመበት ዓላማ ይኸው መታየት ነበር።

በዚያው ፊልም ላይ የሠሩት ኮሊን ካንትዌልና ጆ ጆንስተን ስለተጣሉ ሥዕሎች የሚያስተምሩት ሌላ ነገር አለ። ሚሊኒየም ፋልከን የምንላት ዝነኛ መርከብ በመጀመሪያ ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ሞዴሏም ተሠርቶ ነበር። ሆኖም «ስፔስ 1999» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ከሚታየው መርከብ ጋር ስለተመሳሰለች ተተወች፤ ጆንስተን በጥድፊያ ዛሬ የምናውቃትን ክብ መርከብ ነደፈ። የተጣለችው ግን ወደ ቆሻሻ አልሄደችም፤ ከፊት በኩል ተቀይራ በፊልሙ መክፈቻ ላይ የምትሳደደው የልዕልቷ መርከብ ሆነች። ስለዚህ በዚህ ሙያ «ውድቅ የተደረገ» የሚለው ቃል በሥዕሉ ጀርባ ተጽፎ ሲገኝ የሥዕሉን ዋጋ አይቀንሰውም። እኔ ብጠየቅ ከጸደቀው ንድፍ ይልቅ ውድቅ የሆነውን አስቀድሜ እገዛለሁ፤ የጸደቀውን በፊልሙ ላይ ስለማየው።

ካንትዌል ራሱ በስተርጅናው የተናገረው ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የሞት ኮከብ የተባለውን ግዙፍ የጦር ሰፈር ሞዴል በሁለት ንፍቀ ክበብ ቅርጽ ሲያወጣ፣ ሁለቱ ክፍሎች በሚጋጠሙበት መሐል ላይ ቁሱ ተኮማትሮ ሰረጎደበት። ያንን ለመሙላትና ለመሞረድ ብዙ ቀናት ከመድከም ይልቅ በወገቡ ላይ ቦይ ይኑረው የሚል ሐሳብ ለሉካስ አቀረበ። የፊልሙ መጨረሻ የሆነው የቦይ ውስጥ በረራ ከዚያ ሞዴል ጋር የተሳሰረ ነው። ደራሲው ታሪኩን ጽፎ ዲዛይነሩ ያስጌጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ ግምቱን የሚያስተካክል ይመስለኛል።

ከሁሉም ይልቅ ብዙ ጊዜ የምመለስበት ዲዛይነር ግን ሲድ ሚድ ነው። ሚድ በ1959 ያኔ ሎስ አንጀለስ ይገኝ ከነበረው የአርት ሴንተር ትምህርት ቤት ተመርቆ በፎርድ ኩባንያ የወደፊት መኪናዎች ንድፍ ክፍል ሥራ ጀመረ፤ በ1970 የራሱን ድርጅት ዲትሮይት ላይ አቋቋመ። ወደ ፊልም የገባው ከአርባ ዓመት ዕድሜው በኋላ ሲሆን፣ በ1979 በወጣው የመጀመሪያው የ«ስታር ትሬክ» ፊልም ጀምሮ በ1982 በአንድ ዓመት ውስጥ በ«ብሌድ ራነር» እና በ«ትሮን» ላይ አሻራውን አኖረ። በ«ብሌድ ራነር» የተቀጠረው መኪናዎችን እንዲነድፍ ብቻ ነበር። እሱ ግን መኪናን ያለ ጎዳና መሣል አይሆንለትም፤ ከመኪናው ኋላ እርጥብ አስፋልት፣ በቧንቧ የታጠረ ሕንፃ፣ የማስታወቂያ መብራት እየጨመረ ሣለ። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮትም በመኪናው ጀርባ ያለውን ከተማ ወደደው። በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ የሙያው መጠሪያ «የወደፊቱ ምስል ተንባይ» በሚል ዓይነት ስያሜ የተጻፈለት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሚድ የሚሠራው በጉዋሽ ነበር፤ ጉዋሽ በውኃ የሚበጠበጥ ሆኖ ብርሃንን የማያሳልፍ ቀለም ነው። ሥዕሎቹን ቀርበው ሲያዩ የሚያስደንቀው የብረቱ ማንጸባረቅ ነው፤ በመኪናው ጎን ላይ የሚታየው ነጸብራቅ የዘፈቀደ ብልጭታ ሳይሆን በሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰማይ፣ አግድም መስመርና መሬት በትክክል ተጣጥፈው የገቡበት ነው። ይህን ለመረዳት ዋናው ሥዕል አያስፈልግም፤ ጥሩ ኅትመት ይበቃል። ሚድ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ በየኤግዚቢሽኑ እየተገኘ ለአድናቂዎቹ ይፈርም ስለነበር የተፈረሙ ኅትመቶቹ እንደ ሌሎቹ ብርቅ አይደሉም። አንዳንድ ሰብሳቢዎች ይህን ሰምተው ፊታቸውን ያዞራሉ። ብርቅነትን ከጥራት ለይቶ ማየት ያልቻለ ሰው ከመሰብሰብ ይልቅ አክሲዮን ቢገበያይ ሳይሻለው አይቀርም።

በ1979 የወጣው «ኤሊየን» ደግሞ ለእኔ የዚህ ሁሉ ስብስብ መማሪያ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም አንዱ ፊልም ሆን ተብሎ በማይመሳሰሉ እጆች ተሠርቷል። የሰዎቹን መርከብ በዋናነት የሣለው ሮን ኮብ ነበር። ኮብ ቀድሞ የፖለቲካ ካርቱን ሠዓሊ ሲሆን፣ በ1969 የሣለውን የሥነ ምህዳር ምልክት ማንም እንዲጠቀምበት ለሕዝብ የለቀቀ ሰው ነው። ለመርከቡ በሮችና መተላለፊያዎች «ግፊት ያለው ክፍል»፣ «ሰው ሠራሽ ስበት ያለበት አካባቢ» እና የመሳሰሉትን የሚያመለክቱ ወጥ ምልክቶች ነድፏል። ብዙዎቹን ተመልካቹ ለቅጽበት እንኳ አያያቸውም። ኮብ ግን መርከቡ በትክክል የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ምን ያስፈልገው ነበር ብሎ የሚነሣ ሰው ስለነበር፣ ሥዕሎቹ ከመሐንዲስ ማስታወሻ አይለዩም።

የጭራቁንና የባዕዱን መርከብ ዓለም የሠራው ስዊዘርላንዳዊው ኤች. አር. ጊገር ነው። ጊገር በዙሪክ የሕንፃ ንድፍና የኢንዱስትሪ ዲዛይን የተማረ ሲሆን፣ ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጨው በኤርብራሽ አጥንትንና ማሽንን ያዋሐደ የራሱ ዓለም ነበረው። ፊልሙን ከሚያዘጋጁት ሰዎች እጅ የሥዕል መጽሐፉ ሲደርስ፣ ሪድሊ ስኮት በ1976 ከተሣለው አንዱ ሥዕል ላይ ጭራቁን አገኘው። ስለዚህ ጭራቁ ለፊልሙ ተብሎ አልተፈጠረም፤ ከፊልሙ በፊት ነበረ። በ1980 ጊገር ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር የኦስካር ሽልማት ተቀበለ፤ በ1998 ደግሞ በስዊዘርላንዷ ግሩዬር ከተማ በራሱ ስም የተሰየመ ሙዚየም ከፈተ። የኮብን የምልክት ገጽና የጊገርን ኅትመት ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው፣ አስፈሪነቱ ከጭራቁ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ተመልካቹ የኮብን መርከብ እንደ መሥሪያ ቤት አምኖ ስለተቀበለው ነው የጊገር ፍጡር ሲገባበት የሚደነግጠው። የጠፈር ልብሶቹን የነደፈው ደግሞ ሞቢየስ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ዣን ዢሮ ነበር፤ ስለ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

ወረቀት ምስክር ነው ያልኩትን በደንብ የሚያሳየው የሮበርት ኪኖሺታ ታሪክ ነው። በ1956 በወጣው «ፎርቢድን ፕላኔት» ላይ ሮቢ የተባለው ሮቦት ታየ። የፊልሙ የሥነ ጥበብ ዳይሬክተሮች ሆነው የተመዘገቡት ሴድሪክ ጊበንስና አርተር ሎነርጋን ናቸው። የብዙ ሰዎችን ሐሳብ አሰባስቦ ሰው ውስጡ ገብቶ ሊራመድበት ወደሚችል የሥራ ንድፍ የቀየረው ግን የኤምጂኤም ስቱዲዮ ነዳፊ የነበረው ኪኖሺታ ነው። ኪኖሺታ ሎስ አንጀለስ የተወለደ ጃፓን አሜሪካዊ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደ ብዙዎቹ ወገኖቹ ከባለቤቱ ጋር በአሪዞና በረሃ በሚገኝ ማጎሪያ ተይዞ ቆይቷል። በኋላም «ሎስት ኢን ስፔስ» ለተባለው ድራማ ሌላውን ዝነኛ ሮቦት ነድፎ፣ መቶ ዓመት ኖሮ በ2014 አረፈ። በስቱዲዮው ሥርዓት መሠረት ስም የሚጻፈው ለክፍል ኃላፊዎች ስለነበር፣ እንደ ኪኖሺታ ያሉ ሰዎችን ያወጣቸው የንድፍ ወረቀቶቻቸውና የባልደረቦቻቸው ቃል ነው። አንድ የግንባታ ንድፍ በገዛሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ከታች በቀኝ ማዕዘን ወደሚገኘው ሠንጠረዥ ነው፤ «ነዳፊ» እና «ያረጋገጠ» በሚሉት መስመሮች ላይ የሰፈሩት አጫጭር ፊርማዎች በፊልሙ መጨረሻ ያልታየ ስም ሊይዙ ይችላሉና።

ራሱ ሮቢ በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በቦንሃምስ ጨረታ በ5,375,000 ዶላር ተሸጠ። ስለ ገንዘብ ካነሣሁ አይቀር፣ በዚህ ዓለም ከፍተኛ ዋጋ የሚያወጡት ነገሮች ታሪክ በአብዛኛው የመጥፋትና የመገኘት ታሪክ ነው። ለፍሪትዝ ላንግ የ1927 ፊልም «ሜትሮፖሊስ» ሃይንትስ ሹልትስ-ኖይዳም የነደፈው ፖስተር ከጥቂት ቅጂዎች በቀር ስላልተረፈ አንዱ በ2005 በ690,000 ዶላር ተሽጧል። በዚያው ፊልም ላይ የሚታየውን ሴት መሰል ሮቦት የሠራው ቀራፂው ቫልተር ሹልትስ-ሚተንዶርፍ ነበር፤ በተዋናይቱ ሰውነት ልክ ከተወሰደ ቅርጽ ላይ እንጨት በሚመስል ሊጥ ቁስ ሠርቶ ብር አስመስሎ ቀባው። ዋናው ጠፍቷል። ሆኖም ምስሉ ስለተረፈ ማክዌሪ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የ«ስታር ዋርስ»ን ወርቃማ ሮቦት ሲሥል መነሻው እርሱ ሆነ። ከሠሪዎቹ የሚቀረው ነገር ከቁሱ ይልቅ ምስሉ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሆን ተብሎ የጠፋም አለ። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 የወጣውን «2001» የተባለ ፊልም ሲሠራ ከናሳ ሃሪ ላንገን የመሰሉ ባለሙያዎችን አመጣ፤ ላንገ በአሜሪካዋ ሃንትስቪል ከተማ ከሮኬት መሐንዲሱ ወርነር ፎን ብራውን ጋር የወደፊት የጠፈር መንኮራኩሮችን ይሥል የነበረ ጀርመናዊ ነው። ከቀረጻው በኋላ ግን ኩብሪክ ሥራዎቹ በሌሎች ፊልሞች ውስጥ እንዳይታዩ ስለፈለገ ሞዴሎቹና ንድፎቹ እንዲወገዱ ተደረገ። የጠፈር ጣቢያው ሞዴል ከዓመታት በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ሜዳ ላይ ተጥሎ ታይቶ እዚያው ተሰባበረ። ወደ ጨረቃ የምትበረው ክብ መንኮራኩር ሞዴል ግን በአንድ ግለሰብ እጅ ተርፋ በ2015 ለጨረታ ስትቀርብ፣ የኦስካር ሽልማትን የሚሰጠው የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ344,000 ዶላር ገዝቶ በሎስ አንጀለስ ሙዚየሙ አኖራት። ኩብሪክ የፈለገውን እረዳለሁ፤ ግን አልስማማበትም። ራሱ ወረቀት የማይጥል ሰው እንደነበረና ሣጥን ሙሉ መዝገቡ ዛሬ በለንደን የሥነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪዎች ክፍት መሆኑን ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከነክነኛል።

የሞዴል ሠሪው ግሬግ ጄን ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። ጄን በ1977 የወጣውን የ«ክሎዝ ኢንካውንተርስ» ግዙፍ እናት መርከብ ሞዴል ከሠሩት አንዱ ሲሆን፣ የሌሎችን ሥራ ያለማሰለስ የሚያከማች ሰው ነበር። በ2022 ካረፈ በኋላ ወዳጆቹ የመኪና ማቆሚያ ክፍሉን ሲያጸዱ፣ በካርቶን ውስጥ ከማሸጊያ ስፖንጅ መካከል በ«ስታር ዋርስ» ቀረጻ ላይ ያገለገለ የኤክስ-ዊንግ ተዋጊ መንኮራኩር ሞዴል አገኙ፤ ለአሥርት ዓመታት የገባበት ያልታወቀ ሞዴል ነበር። በ2023 በሄሪቴጅ ጨረታ በ3,135,000 ዶላር ተሸጠ። ዋጋው ወሬ ሆነ፤ እኔን የገረመኝ ግን ዋጋው ሳይሆን ሞዴሉ ተርፎ መገኘቱ ነው። እነዚህ ሞዴሎች ከሱቅ ከተገዙ የታንክና የጦር መርከብ መገጣጠሚያ መጫወቻዎች በተነቀሉ ቁርጥራጮች የተሸፈኑ፣ ለጥቂት ወራት ቀረጻ እንዲበቁ ብቻ የተጣበቁ ነበሩ።

እዚህ ላይ የመብራት ሰይፉን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሮጀር ክርስቲያን ለ«ስታር ዋርስ» ሰይፉን የሠራው ግራፍሌክስ ከተባለ የድሮ ፎቶ ካሜራ የፍላሽ እጀታ ነበር። ይህ ከታወቀ በኋላ አድናቂዎች እጀታዎቹን እየገዙ ሰይፍ ስላደረጓቸው፣ የድሮ ካሜራ ሰብሳቢዎች ለካሜራቸው ፍላሽ ማግኘት ቸገራቸው። አንዱ ስብስብ ሌላውን ሲበላ ማየት ነው።

ወረቀት ለረጅም ጊዜ ይቆያል ማለት ግን ራሱን ይጠብቃል ማለት አይደለም። ዲዛይነሮች የሚሠሩት ለነገ ስብሰባ እንጂ ለመቶ ዓመት አልነበረምና የተጠቀሙበት ቁስ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው። በማርከር የተቀባ ረቂቅ ለብርሃን ከተጋለጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደበዝዛል፤ መጀመሪያ ከሚጠፉት ቀለማት አንዱ ሐምራዊው ነው። ሰማያዊ ወይም ጥቁር መስመር ያላቸውና በአሞኒያ ትነት የሚወጡ የዲያዞ ቅጂዎች ጀርባቸው ይቢጫል፣ መስመራቸው ይሳሳል፤ በአጠገባቸው የተቀመጠውን ሌላ ወረቀትም ሊያቆሽሹ ስለሚችሉ ለብቻ መቀመጥ አለባቸው። በሙቀት የሚታተመው የፋክስ ወረቀትማ ጽሑፉ ፈጽሞ ሊጠፋ ስለሚችል ወዲያውኑ ቅጂ ማስቀረት ግድ ነው። ከጎማ አረፋ የተሠሩ የጭራቅ ጭምብሎች ደግሞ ይደርቁና ይፈረካከሳሉ፤ ከአሻንጉሊት ጭራቆች ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ውስጣቸው ያለው የብረት አጥንት ብቻ ነው። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ የተሠራ ሥራን ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን የሚያሳዩት ለዚህ ነው። እኔም አብዛኛውን አሲድ በሌለው ማኅደር ውስጥ ዘግቼ አስቀምጣለሁ፤ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው ቢጎዳ ሊተካ የሚችለውን ኅትመት ብቻ ነው።

ስለ ማስመሰል አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ከሁሉ የሚበልጠው መሣሪያ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር ነው። በማተሚያ ቤት በብዛት የሚወጣው የኦፍሴት ኅትመት በመነጽር ሲታይ በሥርዓት የተደረደሩ ባለቀለም ነጠብጣቦች ይሆናል፤ የኢንክጄት ኅትመት የተረጨ የሚመስል ብናኝ ያሳያል፤ የእርሳስ መስመር ግን በወረቀቱ እህል ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያብለጨልጫል። «ፊርማው ያለበት» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ፊርማ ነው፤ ሻጩ አልዋሸም፣ ግን ፊርማው በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ የእጅ አይደለም። የእውነተኛነት ምስክር ወረቀት የሚባለውንም በራሱ አልተማመንበትም፤ ማንኛውም ሰው ሊያትመው ይችላል። የምፈልገው የዝውውር ታሪክ ነው፤ ዕቃው ከዲዛይነሩ እጅ ለማን እንደ ደረሰ፣ ከዚያስ ለማን እንደ ተላለፈ ሰንሰለቱ ሳይበጠስ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም የጨረታ ካታሎግ። በዲዛይነሩ እጅ ለአንድ የታወቀ የሥራ ባልደረባ የተጻፈ የስጦታ ማስታወሻ ያለበት ወረቀት ዋጋው ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ በእኔ በኩል እንዲህ ያለው ማስታወሻ ከማኅተም በላይ ያሳምነኛል።

የባለቤትነት ጥያቄም አብሮ ይነሣል። አንድ ሥዕል በእጅህ መሆኑ ሥዕሉን አባዝተህ የመሸጥ መብት አይሰጥህም፤ በአሜሪካ ሕግ የዕቃው ባለቤትነትና የቅጂ መብቱ የተለያዩ ናቸው፤ ተቀጣሪ ዲዛይነር ለስቱዲዮ የሠራው ሥራ የቅጂ መብትም በአብዛኛው የስቱዲዮው ነው። ከዚህ የሚከብደው ወረቀቱ ከስቱዲዮ የወጣበት መንገድ ነው። ብዙው በይፋ ተጥሎ ከቆሻሻ መጣያ የተነሣ ነው፤ አንዳንዱ በዲዛይነሩ ቦርሳ የወጣ ነው፤ ጥቂቱም የተሰረቀ ነው። ለ«ስታር ትሬክ» ድራማ መጀመሪያ የተሠራው የኢንተርፕራይዝ መርከብ ትንሹ ሞዴል በ1970ዎቹ ለፊልም ሥራ ተውሶ ከወጣ በኋላ ጠፍቶ፣ በ2023 በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ብቅ አለ፤ በ2024 ለድራማው ፈጣሪ ልጅ ተመለሰ። ሻጭ «የት እንዳገኘሁት አትጠይቀኝ» ካለኝ፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር ውይይቱ እዚያ ላይ ያበቃል።

በስብስቤ ውስጥ እያንዳንዱ ወረቀት የተለየ የመረጃ ገጽ አለው። በአንዱ በኩል በዓይኔ ያየሁትንና በሰነድ የተረጋገጠውን፣ በሌላው በኩል ሻጩ የነገረኝን ነገር ግን ያልተረጋገጠውን እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ማቀላቀል ለሚቀጥለው ባለቤት ተረት ማውረስ ነውና። የጄን ካርቶን ውስጥ ያለውን ነገር ወዳጆቹ ያወቁት ሙያተኞች ስለነበሩ ነው፤ ሙያተኛ ያልሆነ ወራሽ ግን የደበዘዘ የዲያዞ ቅጂ ሲያይ አሮጌ የቧንቧ ንድፍ መስሎት ይጥለዋል። በመሆኑም ማኅደሮቹ ላይ ከላይ የፊልሙን ስም ሳይሆን የነዳፊውን ስም በጉልህ ጽፌያለሁ፤ የፊልሙ ስም ከሥር በትንሹ ይከተላል። አንዳንድ የግንባታ ንድፎች ላይ ያሉት አጫጭር ፊርማዎች የማን እንደሆኑ ከስቱዲዮዎቹ የሠራተኞች ዝርዝር ጋር እያመሳከርኩ ነው፤ የተገኘው ስም ወደ ማኅደሩ ራስ ይወጣል፤ ቀጥሎ የምከፍተው በ1950ዎቹ የተሠሩ የመርከብ ውስጥ ክፍሎችን ንድፎች የያዘውን ማኅደር ነው።